«ትቻለሁ» በያት

እናቴ ልትቆርብ ያሰበችው ቀበና ወንዝ ዳር የነበረው ቤታችን ፈርሶ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እኔ ዘንድ ከገባች በሁለተኛው ዓመት ነው። ስኳሯ ጨምሮ እግሯም ያብጥ ስለነበር ነገሯን ሁሉ ቦታ ቦታ ማስያዝ ጀምራለች። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባቷ መጥተው ሳሎን ውስጥ ለብቻቸው ሲነጋገሩ ቆዩ። እኔ ወጥ ቤት ተቀምጬ የተማሪዎቼን ፈተና አርማለሁ። እናቴ እስከ በር ሸኝታቸው ተመለሰችና ከፊቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ቂም የያዝሽበት ሰው አለ ወይ አሉኝ» አለች።

«ምን አልሻቸው?»

«አለ አልኳቸዋ። ታዲያ ልዋሽ?»

ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ወረቀቱን ማረም ቀጠልኩ። እሷም ጠረጴዛው ላይ የወደቀ ፍርፋሪ በጣቷ ሰበሰበች።

«ያ የምትሄጂበት ስልጠና ከሷ አገር ይርቃል?»

እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። በዚያ ወር ትምህርት ቤታችን እኔንና ሌላ አንድ አስተማሪ ለአሥራ ሁለት ቀን ስልጠና እንግሊዝ አገር ሊልከን ቪዛችን ገና መውጣቱ ነበር።

«በባቡር የግማሽ ቀን መንገድ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ሂጂልኝ። ካለች ፈልጊያትና እናቴ ‹ትቻለሁ› ብላለች በያት። ሌላ ምንም አትጨምሪ።»

«እሺ» አልኩ። እናቴ ተነስታ ልትተኛ ገባች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ አንድም ወረቀት ማረም አልቻልኩም።

እናቴ «እሷ» የምትላት ሲስተር ናት። ልጅ ሆኜ ከቤታችን ጀርባ ያሉትን ሁለት የሰርቪስ ክፍሎች ተከራይታ ሰባት ዓመት አብራን ኖራለች። ነርሶች የምታሠለጥን የውጭ አገር ሴት ስለሆነች ሰፈሩ በሙሉ ሲስተር ነበር የሚላት፤ በስሟ የሚጠራት ሰው ትዝ አይለኝም። እንግሊዟ የሚላት ሰው ካለ ግን መንገድ መሀል ቆማ ታርመዋለች።

«እንግሊዝ አይደለሁም። ዌልስ ነኝ።»

እናቴ አንድ ቀን ልዩነቱ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት።

«የራሳችን ቋንቋ አለን» አለች ሲስተር። «እናቴ ቤት እንግሊዝኛ ያወራ ልጅ እራት አይሰጠውም ነበር።»

እናቴ እስኪያማት ሳቀች። መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ አባታችን ታናሽ ወንድሜ ገና ሲድህ ሞቶባት ብቻዋን ታሳድገናለች። ያኔ ከሲስተር ሌላ የሚያስቃት ሰው አልነበራትም። ወር በገባ በሃያ አንድ ሁለቱ ማለዳ ተነስተው በእግራቸው ወደ እንጦጦ ማርያም ይወጣሉ። እናቴ ስትሳለም ሲስተር ደጀ ሰላሙ ጋ ትጠብቃታለች። ከዚያ እስከ ራጉኤል ዘልቀው በምሳ ሰዓት ጫማቸው ጭቃ ሆኖ ይመለሳሉ። ጉሙ፣ ሣሩና በጎቹ አገሬን ይመስላሉ ትል ነበር ሲስተር። አገሯ ከባሕር አጠገብ ያለች የድሮ የገበያ ከተማ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበሬው ከየተራራው ወርዶ አደባባዩ እንደሚሞላ፣ እዚያ ገበያ በእንግሊዝኛ የሚከራከር ሰው እንደማይገኝ ነግራናለች።

እኛን ልጆቹን «እርስዎ» ማለት ከልክላናለች። እርስዎ ስንላት «ሌላ ሰው መጣ እንዴ?» ብላ ዞራ ወደ ኋላዋ ታያለች። ወንድሜን «ባኽ» ነበር የምትለው። በቋንቋዋ ትንሽዬ፣ የኔ ቆንጆ እንደማለት ነው። እናቴ ምጥ ሲይዛት ሐኪም ቤት ያደረሰቻት፣ ልጁንም መጀመሪያ ያቀፈችው እሷ ስለሆነች ስም የማውጣት መብት አለኝ ትል ነበር። ውሎ አድሮ ግቢው በሙሉ ባኽ አለው።

ያ ሁለቱን ያለያያቸው ነገር የሆነው ክረምት ላይ ነው። እኔ አሥራ አንድ፣ ባኽ ስድስት ዓመታችን ነበር። ሆዴን አመመኝ ብሎ ቁርሱን ሳይበላ ቀረ። ሲስተር መጥታ ሆዱን እየተጫነች አየችው፣ ትኩሳቱንም ለካች። እናቴ ከሥራ መቅረት ስለማትችል ሲስተር «እኔ ዛሬ ቤት ነኝ፣ ሂጂ» አለቻትና ወደ እኔ ዞረች። ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ስሚኝ። ካስመለሰው ወይም ሕመሙ ወደዚህ ጎን ከሄደ» ብላ በቀኝ በኩል ያለውን የራሴን ሆድ ነካችኝ፣ «ወዲያው ሮጠሽ ትጠሪኛለሽ። ወዲያው። እሺ?»

«እሺ» አልኩ።

እሷ ክፍሏ ገብታ የተማሪዎቿን ወረቀት ታያለች። ከኛ በር እስከ እሷ በር አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው።

ቀትር ላይ አስመለሰው። ሁለት ጊዜ። ልጠራት ስነሳ ቀሚሴን ይዞ አለቀሰ። «አትንገሪያት፣ መርፌ ትወጋኛለች» አለኝ። ወለሉን በጨርቅ ጠረግኩት። ከዚያ ዝናቡ ቆመና ፀሐይ ወጣች፤ የጎረቤት ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ልንጫወት ነው ብለው ከአጥሩ ማዶ ጠሩኝ። ባኽ ተኝቶ ነበር። ሄድኩ። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስመለስ ነቅቶ «ተሻለኝ፣ አሁን አያመኝም» አለኝ። ደስ አለኝ። ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ ሕመሙ ለጥቂት ጊዜ ጋብ እንደሚል ያነበብኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

አመሻሽ ላይ እናቴ ከሥራ ስትመለስ ሲስተርን ጠርታ አብረው ገቡ። ሲስተር አየችው። ፊቱ ገርጥቷል፣ ግን አላለቀሰም።

«አስመለሰው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አላስመለሰውም» አልኩ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ዕድሜዬን ሙሉ አስቤበታለሁ። ጥዬው መሄዴ እንዳይታወቅብኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እናቴ ሐኪም ቤት ካልወሰድኩት አለች። ሲስተር አሰብ አደረገችና «እስከ ነገ ጠዋት እንየው። ካስመለሰው ያን ጊዜ እንወስደዋለን» አለች። እናቴ አመነቻት፤ ማለዳ ስንነሳ ሰውነቱ ይነድዳል፣ ሆዱም እንደ ጣውላ ደርቋል። በሰው መኪና ወሰዱት። ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ መርዙ ግን በሆድ ዕቃው ሁሉ ተሰራጭቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ሐኪም ቤት ሳለ አንድ ጊዜ ነቅቶ ለሲስተር የሆነውን ነግሯታል። ይህን የማውቀው ከክፍሉ ወጥታ ኮሪደር ላይ ወደ ተቀመጥኩበት ስለመጣች ነው። አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«አስመልሶት ነበር?» አለችኝ በቀስታ።

መሬት መሬት አየሁ።

«ሁለት ጊዜ?»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ብዙ ቆየች። ከዚያ እጇን ጭንቅላቴ ላይ አድርጋ «በቃ። ገባኝ» አለችና ተነስታ ሄደች።

ለቅሶው ላይ ድንኳን ውስጥ ገብታ እንደ ሌሎቹ ሴቶች ሰሌን ላይ ተቀመጠች። ጥቁር ሻሽ አስራ ነበር። እናቴ ስታያት ለቅሶዋን አቆመች።

«እስከ ነገ እንየው አለችኝ» አለች ለሴቶቹ፤ ድምፅዋ ተዘግቶ በግድ ነው የሚሰማው። «እኔ ልውሰደው ስል፣ እስከ ነገ እንየው አለችኝ። ይቺን ሴት ከፊቴ አውጡልኝ።»

እኔ ከምሰሶው አጠገብ ነበርኩ። ሲስተር ቀና ብላ አንድ ጊዜ ብቻ አየችኝ። እሷ አፏን ብትከፍት እኔ አልቆልኝ ነበር። አልከፈተችም። ተነስታ ጫማዋን ፈልጋ አድርጋ ወጣች።

በወሩ ቤቱን ለቀቀች፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ አገሯ ልትገባ መሆኑን ሰማን። ልትሰናበት መጥታ በሩን ያንኳኳች ቀን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እናቴ ከመስኮቱ ኋላ ቆማ «የለችም በያት» አለችኝ። መጋረጃው ስስ ስለነበር ከውጭ ትታያለች።

«እማዬ የለችም» አልኳት።

«እሺ» አለች ሲስተር መስኮቱን እያየች። «ስትመጣ ሰላም በያት።»

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ለገና ከዌልስ ካርድ ይመጣ ነበር። እናቴ አትከፍተውም፤ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። የምከፍተው እኔ ነበርኩ። ካርዱ ላይ የሁላችን ስም፣ የባኽም ጭምር፣ በአማርኛ ፊደል ተጽፎ ይገኛል፤ ሌላ ምንም ቃል የለበትም። አንድም ቀን አልመለስኩላትም። እናቴ «ሂጂልኝ» ባለችኝ ሰሞን ካርድ መምጣት ካቆመ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። ፖስታው ላይ ባለው አድራሻ ደብዳቤ ጻፍኩ። የወንድሟ ልጅ በኢሜይል መለሰችልኝ። አክስቷ በሕይወት እንዳለች፣ የመርሳት በሽታ ይዟት መጦሪያ ቤት እንደገባች ነገረችኝ። «ነይ» አለች፣ «ግን እንደምታስቢያት አታገኚያትም።»

በስልጠናው መሀል ባለችው ቅዳሜ በመጀመሪያው ባቡር ሄድኩ። ሐዲዱ ረጅም መንገድ ባሕሩን ተከትሎ ይሄዳል። ባሕር በቅርብ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ግራጫ ነው፣ እንዳሰብኩት ሰማያዊ አይደለም። ከባቡሩ ወርጄ አውቶቡስ ያዝኩ። የመንገዱ ጽሑፍ ሁሉ ከላይ በነሱ ቋንቋ ከታች በእንግሊዝኛ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ሁለት አሮጊቶች ከኋላዬ ተቀምጠው እስክንደርስ ድረስ አወሩ። አንዲት ቃል እንኳ አልገባኝም፤ ግን የሲስተር አማርኛ ዜማ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ። ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ከፍ ይላል፣ የሚጠይቁ ይመስላሉ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ከተማዋ ትንሽ ናት። የቤቶቿ ክዳን ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በዝናብ ያብረቀርቃል። ዳር ላይ የፈረሰ የድሮ ግንብ አለ። አደባባዩ ላይ ገበያው ቆሞ ነበር። አይብ፣ ማር፣ ዓሣ፣ የአበባ ችግኝ፣ የሱፍ ክር ይሸጣል። በእንግሊዝኛ መንገድ ስጠይቃቸው በትህትና በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል፤ ፊታቸውን መልሰው ወደ ጎረቤታቸው ሲዞሩ ደግሞ ወዲያው ወደ ቋንቋቸው ይገባሉ። ሃያ ዓመት ያስተማርኩት እንግሊዝኛ እዚያ የእንግዳ መቀበያ ብቻ ነው። ሲስተር ያለችን ሁሉ እውነት ነበር። ካፊያው የእንጦጦን የነሐሴ ካፊያ ይመስላል፤ ከአደባባዩ በላይ ያለው ኮረብታም በበግ ተሞልቷል። እናቴ ብታየው ብዬ አሰብኩ።

የወንድሟ ልጅ ዳቦ ቤት ውስጥ ጠበቀችኝ። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ አጭር ፀጉር ያላት፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ሻይ አዘዘችልኝና በመስኮቱ ወደ አደባባዩ አመለከተችኝ።

«ሰዓቱ ያለበት ግንብ ሥር ያለው ቦታ የሷ ነበር። የሹራብ ኮፍያ እየሠራች ሃያ ዓመት እዚያ ሸጣለች።»

«ኮፍያ? ነርስ አልነበረችም እንዴ?»

«ከናንተ አገር ከተመለሰች በኋላ የነርስ ልብስ ለብሳ አታውቅም። አባቴ ስንት ጊዜ ለመናት። እዚህ ሐኪም ቤቱ ሰው ይፈልግ ነበር። እምቢ አለች።» ሻይዋን አማሰለች። «እኛ እዚያ የወደደችው ሰው ኖሮ ልቧ ተሰብሮ ነው እንል ነበር። ምክንያቱን ታውቂያለሽ?»

ነገርኳት። ለሠላሳ ሁለት ዓመት ለማንም ያልነገርኩትን፣ ለባሌም ለንስሐ አባትም ያልነገርኩትን፣ በዚያ ዳቦ ቤት ለማላውቃት ሴት በእንግሊዝኛ ነገርኳት። ምናልባት በአማርኛ ቢሆን አልችልም ነበር። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ታውቅ ነበር?» አለች ስጨርስ።

«ታውቅ ነበር።»

«እናትሽስ?»

«አታውቅም።»

ካፖርቷን አነሳች። «የመጠየቂያ ሰዓት ደርሷል፣ እንሂድ» አለች።

መጦሪያ ቤቱ ኮረብታ ላይ ነው፤ ከመስኮቱ ባሕሩ ይታያል። ሲስተር መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ነበረች። አንሳለች። ያ ቀይ የነበረ ፀጉሯ እንደ ጥጥ ነጥቷል። እጆቿ ግን ያው ናቸው፤ ሰፋፊ፣ ጥፍራቸው ከሥሩ የተቆረጠ። ከፊቷ ተንበረከክሁ።

«ሲስተር፣ እኔ ነኝ። የቀበናዋ ነኝ።»

ፈገግ አለች፤ ለማታውቀው ሰው ፈገግ እንደሚባለው። በቋንቋዋ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ዝናቡ አቆመ ወይ ነው የምትለው» አለች የወንድሟ ልጅ። «መጀመሪያ አማርኛው ጠፋባት። መቼ እንደጠፋ እንኳ አላወቅንም፤ ድሮ አንዳንዴ ብቻዋን ታወራው ነበር። ከዚያ እንግሊዝኛው ሄደ። አሁን የቀራት የናቷ ቤት ቋንቋ ብቻ ነው።»

እናቴ የላከችላትን ነጠላ አውጥቼ ትከሻዋ ላይ አደረግኩላት። ጥለቱን በጣቷ እያሻሸች ብዙ ቆየች።

«እናቴ ‹ትቻለሁ› ብላለች። ይህን ንገሪልኝ» አልኳት የወንድሟን ልጅ።

ነገረቻት። ሲስተር በትኩረት አዳምጣ ራሷን ነቀነቀችና «ዲዮልኽ» አለች። አመሰግናለሁ ማለት ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሰዎች ለሾፌሩ ሲሉት ሰምቻለሁ። በዚያው ድምፅ ነው ያለችው።

«ደግሞ ንገሪያት» አልኩ፤ «ጥፋቱ የኔ እንደነበረ፣ ስለዋሸሁ ይቅርታ እንደምለምናት ንገሪልኝ።»

የወንድሟ ልጅ ራሷን ነቀነቀች። «ይህን አልነግራትም።»

«እባክሽ።»

«ልጅ መሞቱ ብቻ ነው የሚገባት፤ የቀረው አይገባትም። ነገ አንቺ ትሄጃለሽ። ስታለቅስ አጠገቧ የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

እውነቷን ነበር። ስለዚህ ራሴ በአማርኛ ነገርኳት። እጆቿን ይዤ ከቀትሩ ጀምሬ፣ ከወለሉ፣ ከሰኞ ማክሰኞው፣ ከውሸቱ፣ ከበሩና ከመስኮቱ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ፊቴን እያየች ሰማችኝ። ስጨርስ እንባዬን በነጠላው ጫፍ ጠረገችልኝና ጉንጬን መታ መታ አድርጋ «ባኽ» አለችኝ።

ወደ ወንድሟ ልጅ ዞርኩ።

«ለሁሉም ሰው ትላለች» አለችኝ እያዘነችልኝ። «ምግብ ለምታመጣላት ልጅም ትላለች። ትልቅ ነገር እንዳታደርጊው።»

አላደረግኩትም። ሆኖም በማግስቱ ወደ ጣቢያው ስትሸኘኝ፣ ባቡርም ውስጥ፣ ጆሮዬ ላይ ነበር።

አዲስ አበባ ስገባ እናቴ ለብሳ ሳሎን ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

«ነገርሻት?»

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«አመሰገነች።»

«አወቀችሽ?»

«አላወቀችኝም፣ እማዬ። ሰው አታውቅም።»

እናቴ ሻሿን አውልቃ ፊቷን ሸፈነችበት። «ዘግይቻለሁ» አለች ከውስጡ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ግን ተናግሬያለሁ። በሚቀጥለው እሁድ እቆርባለሁ» አለች። እኔም ሻንጣዬን ወደ ውስጥ አስገባሁ።

በሳምንቱ ውስጥ ጉዳዩ እንቅልፍ ነሳኝ። እናቴ ይቅር ያለችው ያልበደላትን ሰው ነው፤ ይህን ይዛ ልትቆርብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ራጉኤልን ልሳለም ብላ ነበርና በታክሲ ይዣት ወጣሁ። ተሳልማ ስትወጣ ድካም ስለተሰማት ከግቢው ውጭ ባሕር ዛፎቹ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከታች ከተማው በጉም ተሸፍኖ ነበር። የያዝነውን የጠበል ጠርሙስ መሬት ላይ አስቀመጥኩና ነገርኳት።

ስናገር አላየችኝም። ስጨርስም አላየችኝም።

«ሁለት ጊዜ?» አለች።

«ሁለት ጊዜ።»

«እሷ ጠይቃሽ ነበር፣ እኔ ፊት። ትዝ ይለኛል። አላስመለሰውም አልሽ።»

«አዎ።»

«ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«አሥራ አንድ።»

«እኔ ሠላሳ አራት ነበርኩ» አለች እናቴ። «አንድ ቀን እንኳ ምን ሆኖ ነው ብዬ ሳልጠይቃት ነው ከድንኳን ያስወጣኋት።» ከዚያ በዱላዋ ተደግፋ ተነሳች። ልይዛት ስል እጄን ገፋችው።

በዚያ እሁድ አልቆረበችም። ለሁለት ሳምንት ያህል ከግድ ነገር በቀር አላናገረችኝም። ምሳ ሳቀርብላት ትበላለች፣ መድኃኒቷን ስሰጣት ትቀበላለች፣ እሱኑ ብቻ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስገባ ግን «ለኔ ብለሽ ነው የነገርሽኝ ወይስ ላንቺ?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነበር።

«እኔም ብነግራት አይገባትም። ግን ልንገራት። ደውይልኝ።»

ለወንድሟ ልጅ መልእክት ላኩ፤ በማግስቱ መጦሪያ ቤቱ ሄዳ በቪዲዮ ደወለች። ሲስተር ስክሪኑ ላይ ስትታይ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ሲስተር፣ እኔ ነኝ። በድዬሻለሁ። ልጄን መጀመሪያ ያቀፍሽው አንቺ ነበርሽ፣ እኔ ግን ከልጄ ለቅሶ አስነሳሁሽ። ልትሰናበቺኝ የመጣሽ ቀን ቤት ነበርኩ፤ የለችም ያስባልኩት እኔ ነኝ። ይቅር በዪኝ።»

ሲስተር ከስልኩ ጠርዝ ውጭ የሆነ ነገር እያየች በቋንቋዋ መናገር ጀመረች። እናቴም ቀጠለች። አንዷ ስታበቃ ሌላዋ እየተቀበለች አሥር ደቂቃ ያህል አወሩ። የወንድሟ ልጅ ሲስተር የምትለውን አልተረጎመችልንም፤ ስልኩ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር እያለቀሰች መሆኑን አወቅሁ።

«አልሰማችኝም» አለች እናቴ ሲዘጋ።

«አልሰማችሽም።»

«ይሁን።» ስልኩን መለሰችልኝ። «አንቺም ንስሐ ግቢ።»

ሲስተር ያረፈችው ከሁለት ወር በኋላ ነው። የወንድሟ ልጅ ጻፈችልኝ። ለእናቴ አነበብኩላት፤ ከከተማዋ በላይ፣ ባሕሩ ከሚታይበት መቃብር መቀበሯን፣ በቋንቋቸው መዝሙር መዘመሩን።

«ስንት ሰው ነበር?» አለች እናቴ።

«ጥቂት ነው ያለችው። የዕድሜ እኩዮቿ አልቀዋል።»

እናቴ ገብታ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። የሳሎኑን ሶፋ ወደ ግድግዳ አስጠጊ ብላኝ ፍራሽ አነጠፍኩላት። ደረጃ የምንጋራቸው ጎረቤቶች በሩ ክፍት ሆኖ ሲያዩዋት እየገቡ ማን እንደሞተባት ጠየቋት።

«እህቴ ናት» አለቻቸው። «ውጭ አገር ነው ያረፈችው።»

ጎረቤቶቹ ለሦስት ቀን ምግብ እያመጡ አብረዋት ተቀመጡ። እኔ ሻይ አቀርባለሁ፣ ሳህን አነሳለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነበረች ሲሏት እናቴ በጭቃው እንጦጦ ስለመውጣታቸው፣ መንገድ መሀል ቆማ ሰው ስለማረሟ፣ እንግሊዝኛ ሲወራ እራት ስለማይሰጥበት ቤት ታወራላቸው ነበር፤ እነሱም ይስቁና መልሰው ያዝናሉ። አንዲት ሴት ልጆችሽንም ታውቃቸው ነበር አለቻት።

«ሁለቱንም በጣም ትወዳቸው ነበር» አለች እናቴ። የቀረውን አልነገረቻቸውም።